ከጓዳ የወጣ ሲንጀር፦ በጅማ አሮጌ የስፌት ዕቃ ገዝቶ ለመሸጥ

አሮጌ የስፌት ዕቃ ሳይ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ነገ ማን እጅ ላይ ይሠራል? መልሱን ካላወቅኩ ዕቃው የቱንም ያህል ቢያምር አልገዛውም። ካወቅኩ ደግሞ ዝገቱም አቧራውም አያስፈራኝም።

በሥራዬ የሒሳብ መምህርት ነኝ። አባቴ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ዓይኑ ሲደክም መርፌው ላይ ክር የማስገባለት እኔ ነበርኩ። ፍቅሩ ከዚያ ነው የመጣው። አሁን ከትምህርት ሰዓት ውጭ አሮጌ ሲንጀር፣ መቀስ፣ ቁልፍ፣ የጥልፍ ክርና ኪሮሽ እየፈለግኩ እገዛለሁ። አጽድቼ፣ አስተካክዬ፣ ለሚሠራበት ሰው እሸጣለሁ። ሀብታም አያደርግም። ግን ወጪውን ይችላል፣ ትንሽም ያተርፋል፣ እኔን ደግሞ በጣም ያስደስተኛል። መጀመር ለምትፈልጉ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ዕቃው የት ይገኛል?

የጅማ ትልቁ የገበያ ቀን ሐሙስ ነው። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ስሙ የታወቀ ነው። እኔ የምሄደው ከክፍል ስወጣ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ለዚህ ዕቃ ከሰዓቱ ይሻላል። ጠዋት ሻጩ ገና ተስፋ አለው። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ግን ያልተሸጠውን ተሸክሞ መመለሱ ያታክተዋል፤ ያኔ ዋጋው ይለዝባል። የስፌት ዕቃ እንደ ስልክና እንደ ጫማ የሚሻሙበት ነገር ስላልሆነ ዘግይታችሁም አያመልጣችሁም።

መሬት ላይ ሸራ አንጥፈው አሮጌ ብሎን፣ መቆለፊያና የራዲዮ ቁርጥራጭ የሚሸጡትን ሰዎች አትለፏቸው። የስፌት መኪና ቦቢን (የታችኛው ክር የሚጠመጠምበት ትንሽ ዕቃ)፣ ኪሮሽ፣ የዱሮ መቀስ ከዚያ ክምር ውስጥ ይወጣል። ሰልባጅ ሻጮች ጋ ደግሞ ልብሱን ሳይሆን ልብሱ ላይ ያለውን እዩ። ማንም የማይገዛው የተቀደደ ኮት ስድስት የሚያማምሩ ቁልፎችና ጠንካራ የብረት ዚፕ ሊኖረው ይችላል። የሱፍ ሹራብም ተተርትሮ እንደገና ክር ይሆናል።

በየሰፈሩ "ቆራሌው!" እያሉ የሚዞሩትን ልጆች ተዋወቁ። ብዙ የስፌት መኪና የሚሞተው እዚያ ነው። የብረት እግሩ ተሰብሮ በኪሎ ይሸጥና ይቀልጣል። የማምነው አንድ ልጅ አለ፤ "የስፌት መኪና ነገር ካገኘህ ለብረት ከመስጠትህ በፊት ደውልልኝ" ብዬዋለሁ። ከብረት ገዢው ትንሽ ከፍ አድርጌ ነው የምከፍለው። እሱም ያተርፋል፣ መኪናውም ይተርፋል።

ጥሩው ዕቃ ግን ሰው ቤት ነው። በእቁብ፣ በእድር፣ ቡና ላይ "አሮጌ የስፌት ዕቃ እገዛለሁ" ብላችሁ ተናገሩ። አንዴ ከተወራ ዕቃው ራሱ ይመጣል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ልብስ ሰፊ የነበረ ሰው ሲሞት መኪናውን ለመግዛት አትቸኩሉ። ሰደቃው ወይም አርባው ሳይወጣ አፋችሁን አትክፈቱ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ቤተሰቡ ራሱ ሲያነሳው ይሻላል። ስትሄዱ ሁሉም ወራሾች መስማማታቸውን ጠይቁ። አንዱ ልጅ ሸጦ ሌላው "የአባቴን መኪና መልሺ" ብሎ የሚመጣበት ነገር የሰውን ቤት ያፈርሳል። እናትየው ካሉ ደግሞ የምነጋገረው ከእሳቸው ጋር ነው። ኦሮምኛ የሚመቻቸው ከሆነ በኦሮምኛ እጫወታለሁ። ዋጋ የሚነሳው ቡናው ከተጠጣ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ጊዜ ካገኘሁ አጋሮ ወይም ሰቃ እወጣለሁ። የትንሽ ከተማ ሰው ዕቃ ቶሎ አይጥልም። ስለዚህ መለዋወጫው ከነቆርቆሮ ሣጥኑ የሚገኘው እዚያ ነው።

መኪናውን መፈተሽ

እኛ አገር የስፌት መኪና ሁሉ ሲንጀር ነው የሚባለው። ስትገዙ ግን የእውነት ሲንጀር ይሁን ሌላ ለይታችሁ እወቁ። የሻንጋዩ በተርፍላይ በብዛት ይገኛል። የተለመደው የቤት በተርፍላይ የተሠራው ሲንጀር 15 በሚባለው ሞዴል ንድፍ ስለሆነ ቦቢኑም መርፌውም አንድ ነው፣ መለዋወጫ አያስቸግርም። አልፎ አልፎ የጀርመኑ ፋፍና የጣሊያኑ ኔኪ ይገኛሉ። ጎበዝ መኪናዎች ናቸው፤ ግን አንድ ቁራጭ ከጎደላቸው ጅማ ውስጥ መተኪያ ማግኘት ከባድ ነው። እነሱን የምገዛው ሙሉ ከሆኑ ብቻ ነው።

ሻጮች "ይሄ ከጣሊያን ጊዜ የመጣ ነው" ማለት ይወዳሉ። ሲንጀር ከሆነ ቁጥሩ እውነቱን ይናገራል። በመኪናው ቀኝ በኩል፣ ከታች፣ የተመታ ቁጥር አለ። ከፊቱ ምንም ፊደል ከሌለ ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው። በእንግሊዝኛው ኢ (E) የሚጀምር ሁለት ፊደል ካለው ስኮትላንድ ክላይድባንክ ከ1935 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣ ነው። ያ ፋብሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ይህን ማወቅ ደስ ይላል፣ ለገዢም ታሪክ ይሆናል። ዋጋ ላይ ግን ብዙ ለውጥ የለውም። ልብስ ሰፊ የሚከፍለው ለስፌቱ እንጂ ለዕድሜው አይደለም።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ክርና ሁለት እጥፍ አቡጀዲ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ በሻጭ ክር አትፈትሹ። መጀመሪያ መርፌውን አውጥታችሁ መዘውሩን ወደ ራሳችሁ አዙሩት። ሳይነካካ፣ ሳይንቀጫቀጭ መዞር አለበት። ከዚያ መርፌው የሚገባበትን ብረት በጣታችሁ ያዙና ወደ ጎን ነቅንቁት። ትንሽ መላወስ ያለ ነው። ብዙ የሚዋልል ከሆነ አካሉ ተበልቷል ማለት ነው፤ ይሄ ደግሞ በጽዳት አይድንም።

ቀጥሎ የቦቢኑን ቦታ ክፈቱ። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ይከፍላል። ቦቢኑና የቦቢኑ ቤት አሉ? አንዳንዱ የዱሮ ሲንጀር ክብ ቦቢን የለውም። እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ረዘም ያለች ዕቃ ውስጥ የሚገባ ቀጭን፣ ረጅም ቦቢን ነው ያለው። ያቺ ዕቃ ከጠፋች መኪናው ጌጥ ብቻ ነው። ዋጋውንም እንደ ጌጥ ተደራደሩ፣ ካልሆነ ተዉት። ክብ ቦቢን ካለውም ዓይነቱን እዩ። የሲንጀር 15 ቦቢን ሁለቱም ጎኑ ልሙጥ ነው፣ ሲንጀር 66 የሚባለው ሞዴል ቦቢን ግን ትንሽ ጎበጥ ይላል። ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ግን አይሠራም።

አሁን መርፌውን መልሱና ስፉበት። የመርፌው ጭንቅላት አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፣ በተቃራኒው ጎን ደግሞ ረጅም ቦይ አለው። ክር የሚገባው በቦዩ በኩል ነው። ተገላቢጦሽ ከገባ መኪናው ስፌት ይዘላል። ሻጩም "ተበላሽቷል" ብሎ በርካሽ ይለቃል። እኔ በዚህ ምክንያት ብቻ የተጣሉ ደህና መኪናዎች አግኝቻለሁ። ስፌቱን ከላይም ከታችም ተመልከቱ። የሁለቱ ክሮች መቆላለፊያ በጨርቁ መሀል ተደብቆ መቅረት አለበት። ከታች ክሩ ከተንዘላዘለ ብዙ ጊዜ የላይኛው ክር መወጠሪያ ነው ምክንያቱ፤ ይሄ የሚስተካከል ነው።

መኪናው ጨርሶ አልዞር ካለስ? ተስፋ አትቁረጡ። አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ዘይት ነው የያዘው። አንዳንድ ሰው የምግብ ዘይት ያጠጣዋል፤ እሱ ደግሞ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆናል። ሁለት ብረት የሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ላይ ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ አድርጉና አሳድሩት። በማግስቱ ጸሐይ ላይ አሙቁና መዘውሩን ቀስ እያላችሁ ወዲያና ወዲህ ሞክሩ። በጉልበት አትታገሉ፤ የሚሰበረው ያኔ ነው። ሲፈታ በጨርቅ ጥረጉና ንጹሑን የስፌት መኪና ዘይት ስጡት። የሞተር ዘይት አይሆንም፣ ይወፍርበታል። ነጭ ጋዝ ስትጠቀሙ ደጅ ሁኑ፣ ከሰልም ምድጃም አጠገብ አይኑር።

የውጭውን አካል ስታጸዱ በጣም ተጠንቀቁ። ጥቁሩ ላይ ያለው ወርቃማ ጽሑፍና አበባ ለመኪናው ግማሽ ውበቱ ነው። አልኮል ካስነካችሁት የላይኛው ቫርኒሽ ይሟሟል፤ ወርቁም አብሮት ይሄዳል። ብርጭቆ ወረቀት ደግሞ ጨርሶ ይፍቀዋል። እኔ ለስላሳ ጨርቅ በስፌት መኪና ዘይት አርሼ፣ ቀስ ብዬ፣ ደጋግሜ ነው የማብሰው። ብርጭቆ ወረቀቱ ለዛገው መዘውርና ለእግሩ ይሁን፤ እሱም ቀጭኑ።

የእግር መኪና ከሆነ ቺንጋውን፣ ማለትም የታችኛውን መዘውር ከላይኛው ጋር የሚያገናኘውን ጠፍር፣ እዩ። የተቆረጠ ቺንጋ ሊያስፈራችሁ አይገባም። አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ክብ ቆዳ ነው። ቆዳ ሠራተኛ ቆርጦ ይሰጣችኋል፣ ጫፍና ጫፉ በሽቦ ይያያዛል።

አንድ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣብኛል፦ "እግሩን ብቻ ትሸጪልኛለሽ? ለካፌ ጠረጴዛ ነው።" የላይኛው መኪና በእርግጥ የሞተ ከሆነ እሺ እላለሁ። የሚሰፋ መኪና ግን አልነጥልም። ካፌው ሌላ ጠረጴዛ ያገኛል። መብራት ሲጠፋ በእግሯ ሰፍታ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ግን ሌላ እግር ከየት ታመጣለች?

ትንንሹ ዕቃ

ለጀማሪ ከመኪና ይልቅ ከዚህ መጀመሩን እመርጣለሁ። በቦርሳ ይያዛል፣ ገንዘብም ብዙ አይበላም።

የጥልፍ ክር ዋናው ነው። ዲኤምሲ የሚለው የፈረንሳይ ክር ከተገኘ ወረቀቱን አትጣሉ፣ የቀለሙ ቁጥር እሱ ላይ ነው። 310 ጥቁር፣ 321 ቀይ ነው። ጠላፊዋ በጎደላት ቀለም የምትፈልገው ያንን ቁጥር ነው። አሮጌ ክር ግን ቀለሙ እያማረ ሊበሰብስ ይችላል። አንድ ክንድ ያህል ምዘዙና በሁለት እጅ ወጥሩት። ጥሩ ክር ይታገላል፤ የበሰበሰው ምንም ሳይከራከር ይበጠሳል። እንጨት ላይ የተጠመጠመ የጥጥ ክር ላይ ይህን ሳትሞክሩ አትግዙ። የላይኛው ጸሐይ የመታው ብቻም ሊሆን ስለሚችል ትንሽ ፍቱና ከሥሩ ያለውን ደግማችሁ ሞክሩ። ቀይና ሰማያዊ ክር ደግሞ በነጭ እርጥብ ጨርቅ ጨመቅ አድርጉት። ቀለም ከለቀቀ ለሀበሻ ቀሚስ አትሽጡት። ነጭ ቀሚስ ላይ የፈሰሰ ቀይ ጥለት የሰው ሠርግ ያበላሻል።

ሙካሽ፣ ወርቃማውን የጥልፍ ክር፣ ካገኛችሁ አጥፋችሁ አታስቀምጡት። በታጠፈበት ይሰበራል፣ ወርቁም ይላጣል። ካርቶን ላይ ጠምጥሙት።

ቁልፍ የኔ ድክመት ነው፤ ስወደው ለከት የለኝም። ከባሕር ዛጎል የተሠራ ቁልፍ ከንፈር ላይ ሲያስነኩት ይቀዘቅዛል፣ ከበድም ይላል፣ ብርሃን ላይ ሲያዞሩት ቀለሙ ይለዋወጣል። ፕላስቲኩ ወዲያው ይሞቃል። ከቀንድ የተሠራው ሁለት አንድ ዓይነት አይገኝለትም። ነሐስ ይሁን ነሐስ የተቀባ ብረት ለማወቅ ትንሽ ማግኔት ያዙ፤ ነሐስ በማግኔት አይሳብም። በጋለ መርፌ ወግቶ መሞከር የሚያስተምሩ አሉ። አታድርጉት። ከዱሮ ቁልፎች መካከል ሴሉሎይድ የሚባለው በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። ቁልፍን ለየብቻ ሳይሆን በስድስት ወይም በስምንት አንድ ዓይነቱን ካርቶን ላይ ሰፍታችሁ ሽጡ። ልብስ ሰፊ የሚፈልገው ለአንድ ሸሚዝ የሚበቃ ነው።

መቀስ ስትገዙ መሀሉን እዩ። በብሎን የተያያዘ ከሆነ ይፈታል፣ ይሞረዳል፣ ይጠብቃል። ሶሊንገን የሚል ማህተም ካለው የጀርመን ነው፤ ዝጎም ቢሆን ደፍራችሁ ውሰዱ። ፈተናው ቀላል ነው፦ እርጥብ ስስ ጨርቅ እስከ ጫፉ ድረስ ይቁረጥ። ጫፉ ላይ ጨርቁን ካኘከ መሞረድ ያስፈልገዋል። የዛገ መርፌ በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

ቡርዳ የሚባለው የልብስ ስፌት መጽሔት በልብስ ሰፊዎች ቤት አሁንም ይገኛል። ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የልብስ ንድፍ ወረቀት ከውስጡ ይወጣል። ዋጋው ያ ወረቀት ነው። ከሌለ ሥዕል ማያ ብቻ ነው።

ጨርቅ ሲቀርብላችሁ ከጫፉ ሁለት ክር መዛችሁ አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸቶ አመድ ይሆናል። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ። ቴትሮን ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይሆናል። ሻጩ "ንጹሕ ሐር ነው" ቢላችሁ አትከራከሩት፤ ክብሪት ብቻ ጠይቁት።

የአገራችንን መሥሪያም አትርሱ። እናቶች የተጠቀሙበት ወስፌ፣ እንዝርት፣ የሸማኔ መወርወሪያ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። እጅ ያለሰለሰው የወስፌ እጀታ ከአዲሱ ይልቅ ለሰፌድ ሰፊዋ ይመቻል። ነገር ግን "የአባ ጅፋር ቤት ዕቃ ነው" የሚል ሰው ከመጣ እኔ እጄን እሰበስባለሁ። ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ነው፣ ቦታውም ሙዚየም ነው።

ክረምትና ማስቀመጫ

ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው። ይህ ሥራ ከአዲስ አበባው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ብረት በአንድ ሳምንት ይዝጋል፣ ጨርቅ ይሻግታል። መቀስና ቦቢን በዘይት የታበሰ ጨርቅ ጠቅልዬ ክዳኑ የሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አልጥልም፤ ክር ያለበት ሣጥን ውስጥ ትገባለች። መኪና መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ከግድግዳም ትንሽ ይራቅ። ሱፍ ክር ብል እንዳይበላው ጸሐይ በወጣች ቁጥር አውጥቼ አራግፈዋለሁ።

ዋጋና ሽያጭ

የዚህ አገር ኪስ ከቡና ጋር ነው የሚሄደው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ገንዘብ ያጥራል፤ መስከረም ደግሞ የትምህርት ወጪ ይመጣል። ሰው ዕቃ አውጥቶ የሚሸጠው ያኔ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ሲለቀም እጅ ይፈታል፣ ሠርጉም ይከተላል፤ ልብስ ሰፊው ሥራ ይበዛበታል። ስለዚህ በክረምት እገዛለሁ፣ እያጸዳሁ እቆያለሁ፣ ከኅዳር እስከ ጥር እሸጣለሁ። ክረምት ላይ የሚሸጥ ሰው ተቸግሮ ሊሆን እንደሚችል ግን አስቡ። ዋጋውን የማያውቅ ሰው ካጋጠመኝ ትክክለኛውን እነግረዋለሁ። የጅማ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ ታማኝ ከተባላችሁ ዕቃው ደጃችሁ ድረስ ይመጣል።

ሒሳቡን ጻፉት። ለምሳሌ መኪናው 4,000 ብር፣ ቺንጋና መርፌና ዘይት 600፣ ባጃጅ 300 ቢሆን 4,900 ወጥቷል። የደከማችሁበትን ሰዓት ጨምሩበት። በ5,000 ከሸጣችሁት ሠርታችሁ ሳይሆን ተጫውታችሁ ነው የመጣችሁት። እኔ ቢያንስ የወጪዬን ሲሶ ካላስገኘልኝ አልነካውም። ሽያጩ ተደጋግሞ መደበኛ ገቢ ከሆነ ደግሞ ንግድ ነውና የንግድ ፈቃድ ጉዳይ ጠይቁ።

ገዢዎቼ በረንዳ ላይ የሚሰፉ ሰዎች፣ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች፣ ዳንቴል የሚሠሩ እናቶችና ጥልፍ ጠላፊዎች ናቸው። ቴሌግራም ላይ የማወጣውን ፎቶ የማነሳው በቀን ብርሃን፣ ደጅ ላይ ነው። የመኪናውን ፊት ብቻ ሳይሆን የቦቢኑን ቦታ፣ ቁጥሩንና የሰፋውን ጨርቅ ከላይና ከታች አሳያለሁ። ጉድለት ካለው ጉድለቱን አስቀድሜ እጽፋለሁ። ክፍያው በቴሌብር ያልቃል።

አዲስ አበባ ለሚገዛ ሰው መኪናውን ከእግሩ ነጥላችሁ ላኩ። ላይኛው ብቻውን ከ10 ኪሎ በላይ ነው፤ የተቀዳ ብረት ስለሆነ ከወደቀ ይሰነጠቃል። መርፌውን አውጡ፣ ጨርቅ የሚጫነውን እግር ዝቅ አድርጋችሁ ከሥሩ ጨርቅ አስገቡ፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሉና ጣውላ ሣጥን ውስጥ ገለባ ጠቅጥቁበት። መናኸሪያ ላይ ለሚጭነው ልጅ "ይሄ እንዳይገለበጥ" ብላችሁ በአፍም ንገሩት፣ በሣጥኑም ላይ ጻፉ።

እዚሁ ጅማ ከእኔ የምትገዛዋን ሴት ግን አስቀምጬ አስተምራታለሁ። ክሩን ራሷ ታስገባ፣ ቦቢኑን ራሷ ትጠምጥም፣ ዘይት የሚጠጣበትን ቀዳዳ ሁሉ በጣቷ ታሳየኝ። ሁለት ትርፍ መርፌና ትንሽ ጠርሙስ ዘይት አብሬ እሰጣለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስፌት ከዘለለባት ይዛው ትመጣለች፣ ወይም እኔ እሄዳለሁ።